የፋጤ ጁነይዲ ሦስት ጊዜ መጠራት

የነፃ ትምህርት ዕድል መራጭ ጊዜያዊ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ረቡዕ መስከረም 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ቦታ፦ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ የስብሰባ አዳራሽ። አዳራሹ እስከ አምና የእህል መጋዘን ስለነበር ተሰብሳቢዎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲያስነጥሱ ውለዋል። ማስነጠሱ በየቦታው አልተመዘገበም።

የተጀመረበት ሰዓት፦ ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ አራት ሰዓት ተኩል ላይ።

የተገኙ፦

1. ጓድ ላቀው ውብነህ፣ ሊቀመንበር
2. ጓድ ሞላ ይርሳው፣ የወጣቶች ማኅበር ተጠሪ
3. ወይዘሮ አሰለፈች ታከለ፣ የሴቶች ማኅበር ተጠሪ፤ በየስብሰባው ሻይ እንዲያፈሉ የሚጠየቁና በየስብሰባው እምቢ የሚሉ
4. አቶ አስማረ እጅጉ፣ የገበሬ ማኅበር ተወካይ፤ አንድ ዓይናቸውን በልጅነታቸው እሾህ ወግቷቸው ያጡ
5. አቶ ዳውድ ሰዒድ፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ የነጋዴዎች ተወካይ
6. እንየው፣ ጸሐፊ፤ ድምፅ የማይሰጥ

ያልተገኘ፦ የጤና ረዳቱ። በሽተኛ በዝቶበት መቅረቱን ሰው ልኮ አስታውቋል። ከኮሚቴው ስለ አካል ጉዳት የሚያውቀው እርሱ ብቻ በመሆኑ፣ ያለ እርሱ መወያየት ለሐሳብ ነፃነት እንደሚመች ሊቀመንበሩ ገልጸዋል። ድምፅ ከሚሰጡት ስድስት አባላት አምስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

ስብሰባው በመፈክር ተከፈተ። ሁሉም ግራ እጁን ሲያነሳ አቶ አስማረ ቀኛቸውን አንስተዋል። ምክንያቱን ተጠይቀው በግራቸው ዱላ እንደያዙ በማስረዳታቸው ለዛሬ ታልፈዋል።

አጀንዳ 1፦ የመጣውን ዕድል ስለማሳወቅ

ሊቀመንበሩ ከበላይ የመጣውን መልእክት በንባብ አሰሙ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ዓመቱ ዓለም አቀፍ የአካል ጉዳተኞች ዓመት በመሆኑ፣ መንግሥት ሙሉ ወጪውን ችሎ ከከተማችን አንድ ልጅ፣ አንድ ብቻ፣ አዲስ አበባ በሚገኝ የግል አዳሪ ትምህርት ቤት ያስተምራል። ትምህርት ቤቱ በአካል ጉዳት ምክንያት ትምህርት ያልቀናውን ልጅ ይቀበላል፤ ዕድሜው ከአሥር ያለፈውን ግን አይቀበልም። የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ወይዘሪት ንግስት ልጆቹን በላንድሮቨር እየዞረች ስትሰበስብ ሰንብታ ዛሬ እኛ ዘንድ ደርሳለች። መኪናዋ ከአዳራሹ በታች መንገድ ላይ ቆማለች። ስምንት ሰዓት ሲሆን ወደ ደብረ ታቦር ትነሳለች።

አቶ ዳውድ ተነስተው፣ ማንም ሳይጎተጉታት የቀረበች አመልካች አንዲት ብቻ መሆኗን አስረዱ። ስሟ ፋጤ ጁነይዲ ይባላል። የበርበሬ ነጋዴዋ የወይዘሮ አሚና ልጅ ናት፤ አባቷ በሕይወት የለም። በአራት ዓመቷ ማጅራት ገትር ታማ ከተረፈች ወዲህ ምንም አትሰማም። እናቷ ሁለት ጊዜ ተማሪ ቤት አስገብተዋት ሁለቱንም ጊዜ ስሟ ሲጠራ አቤት አትልም ተብላ ተመልሳለች። አሁን አሥር ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወር ቀርቷታል። ዘንድሮ ካልሄደች ከርሞ የሚቀበላት የለም።

ጸሐፊው ይህን ሁሉ በገዛ እጁ ጽፎታል። አባላቱም ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳምጠዋል፤ አቶ አስማረማ ከንፈራቸውን መጥጠዋል። ይህ የሚመዘገበው ኋላ ላይ አልተነገረንም የሚል እንዳይኖር ነው።

ስብሰባው እዚህ ላይ ቢዘጋ በታሪካችን አጭሩ ስብሰባ በሆነ ነበር። ነገር ግን ጓድ ሞላ የአሠራር ጥያቄ አለኝ አሉ። ጥያቄያቸው "የግል" በሚለው ቃል ላይ ነበር። መሬቱ ተወርሶ፣ ትርፍ ቤቱ ተወርሶ፣ የአጎታቸው ወፍጮ እንኳ ሳይቀር ተወርሶ ሳለ፣ የግል ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ከየት ተገኘ? ተገኘስ እንበል፣ እንዴት ሠርቶ አደሩ መንግሥት ይከፍልለታል? ሊቀመንበሩ ከላይ የመጣ ነገር ከየት መጣ ተብሎ እንደማይጠየቅ አሳሰቡ። አቶ አስማረ የግል ማለት ልጁ ብቻውን ተቀምጦ የሚማርበት ማለት እንደሆነ ጠየቁ። ወይዘሮ አሰለፈች የትምህርት ቤቱን ባለቤት ትተን ስለ ተማሪዋ እንነጋገር ብለው ነበር፤ ተራቸው ስላልደረሰ አልተያዘላቸውም።

ከብዙ ውይይት በኋላ "የግል" የሚለው ቃል ቀርቶ "የሕዝብ መሆኑ ገና ያልተነገረው ትምህርት ቤት" ተብሎ እንዲጻፍ ተወሰነ። ይህ ውሳኔ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቷል።

አጀንዳ 2፦ አካል ጉዳተኛ ማን እንደሆነ ስለመወሰን

ሊቀመንበሩ አንዲት አመልካች ብቻዋን ቀርባ ብትመረጥ ውድድር እንዳልነበረ፣ ውድድር ከሌለም ፍትሕ እንደሌለ አስረዱ። ስለዚህ አባላት የየቤታቸውን ልጆች በጥሞና እንዲያስቡ ተጠየቀ። አባላትም አሰቡ። ከተማችን በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ጉዳተኛ ማፍራቷን ጸሐፊው ከዚህ በፊት አያውቅም ነበር።

በመጀመሪያ ራሳቸው ሊቀመንበሩ፣ ልጃቸው አንዳርጌ ግራኝ መሆኑን በኀዘን ገለጹ። ጓድ ሞላ ተቃወሙ። ግራ እጅ መፈክር የምናነሳበት እጅ ነው፤ ጉዳት ነው ማለት ምን ማለታችሁ ነው ሲሉ ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ለመፈክር እጅግ ጥሩ እንደሆነ፣ ከሰው ጋር ማዕድ ሲቀርብ ግን ልጁ እንደሚሳቀቅ መለሱ። አቶ አስማረ በበኩላቸው ግራ የለመደ በሬ በግራው ተጠምዶ ያርሳል እንጂ አዲስ አበባ እንደማይላክ አስታወቁ። በሬና የሊቀመንበር ልጅ በአንድ አረፍተ ነገር እንዳይጠቀሱ ማሳሰቢያ ተሰጣቸው።

ጓድ ሞላ ተቃውሟቸውን ሲጨርሱ የእህታቸውን ልጅ አስመዘገቡ። ልጁ ይንተባተባል። ወይዘሮ አሰለፈች ይህንኑ ልጅ ትናንት ኳስ ሜዳ ላይ ሲሳደብ አንድ ፊደል ሳያደናቅፈው እንደሰሙት ተናገሩ። ጓድ ሞላ መንተባተቡ አስተማሪ ሲጠይቀው ብቻ የሚመጣ ልዩ ዓይነት መሆኑን አስረዱ።

አቶ አስማረ ስለ ዓይናቸው ተጠይቀው ተቆጡ። በአንድ ዓይናቸው የሚያወጡት ትልም ሁለት ዓይን ካላቸው ጎረቤቶቻቸው ትልም የቀና መሆኑን፣ የጎደላቸው ነገር እንደሌለ፣ ጎደለህ የሚላቸው ካለ ወጥቶ እንዲያያቸው አስታወቁ። ምግቡና መኝታው በነፃ መሆኑ ሲነገራቸው ግን የዕድሜው ጣሪያ በሽማግሌ ምስክርነት ይሻሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። አይሻሻልም ተብሏል።

ጸሐፊው ድምፅ ባይኖረውም የእህት ልጅ ስላለው፣ የልጁን እግር ጠፍጣፋነት አስመዝግቧል። ይህን ሲያደርግ ቀና ብሎ ወደ አቶ ዳውድ አላየም።

ወይዘሮ አሰለፈች የሚያስመዘግቡት ልጅ እንደሌላቸው፣ በዚህ ኮሚቴ ግን ማፈራቸውን ገልጸው "አፈርኩ" የሚለው ቃል እንዲያዝላቸው ጠየቁ። ከብዙ ውይይት በኋላ "ያን ያህል ደስ አላላቸውም" ተብሎ እንዲያዝ ተወሰነ።

ስለዚህ ግራኙ፣ ተንተባታቢው፣ ጠፍጣፋ እግሩና ፋጤ ጁነይዲ በእኩል ዓይን እንዲታዩ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሙሉ ድምፅ ሲባል የአቶ ዳውድና የወይዘሮ አሰለፈች ድምፅ ሳይቆጠር ነው።

አጀንዳ 3፦ አመልካቾችን ስለመጥራት

እዚህ ላይ ቀኑ ተሲያት ስለሆነ አቶ ዳውድ ለሶላት እንዲወጡ ፈቃድ ጠየቁ። እስክመለስ ምንም እንዳትወስኑ ብለው ለመኑ። ሊቀመንበሩ የሚቀረው ስም መጥራት ብቻ መሆኑን፣ በስም መጥራት ደግሞ የተጎዳ ሰው እንደሌለ ነግረው አሰናበቷቸው።

በአገራችን ሸንጎ ባለጉዳይ በደጅ ሦስት ጊዜ ይጠራል። በሦስተኛው ያልቀረበ መብቱን እንደተወ ይቆጠራል። ኮሚቴው ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ስለማያውቅ ጥሪው በዚሁ መንገድ እንዲሆን ተወሰነ። ልጆቹ ተልኮባቸው ደጅ ሲደርሱ ጠሪ የአዳራሹ ጥበቃ ገብሬ ሆነ። ገብሬ ድምፁ ከወንዝ ማዶ ከብት የሚመልስ ነው።

ተንተባታቢው ገና በመጀመሪያው ጥሪ ጥርት አድርጎ "አቤት" አለ። አጎቱ ጓድ ሞላ ግንባራቸውን ያዙ። ጠፍጣፋ እግሩ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ስሙን ሲሰማ እየሮጠ መጥቶ አዳራሹ ውስጥ ካሰበው በላይ ዘልቆ ቆመ። ጸሐፊው ስለ እህቱ ልጅ የሚለው የለም። ግራኙ አንዳርጌ ተገኝቻለሁ ለማለት እጁን ሲያነሳ ያነሳው ቀኙን ነበር፤ አባቱ ቢያፈጡበት ቀይሯል።

ቀጥሎ ፋጤ ጁነይዲ ተጠራች። ከጠዋት ጀምሮ ከልጃቸው ጋር ደጅ ሲጠብቁ የነበሩት ወይዘሮ አሚና መኪናዋ እንዳትሄድባቸው ወይዘሪት ንግስትን ለመማጠን ወርደው ስለነበር ልጅቱ ብቻዋን ነበረች። የተቀመጠችው የአዳራሹ ደጃፍ ላይ፣ ከገብሬ እግር ሥር ነው። ተሰብሳቢዎች በሙሉ ያዩዋታል። በመጀመሪያው ጥሪ አልተነሳችም። በሁለተኛው ጥሪ የጎረቤት በቅሎ ገመዷን በጥሳ ሄደች። ሦስተኛው ሲጠራ ከጣሪያው አቧራ ወረደ፤ ልጅቱ አቧራው እጇ ላይ ሲያርፍ አይታ አራገፈችው።

ወይዘሮ አሰለፈች ልጅቱ አትሰማም፣ ሄዳችሁ አምጧት እያሉ ጮኹ። ሊቀመንበሩ አንዱን በድምፅ፣ ሌላውን በእጅ መጥራት አድልዎ እንደሚሆን አስረዱ። ጓድ ሞላ እኩልነት ማለት ለሁሉም እኩል መጮህ ነው ሲሉ ደገፏቸው። ገብሬ ልጅቱን ትከሻዋን ለምን እንዳልነካት ቢጠየቅ፣ "ጥራ አላችሁኝ፣ ጠራሁ። ንካት ያለኝ የለም" ብሎ መለሰ። መልሱ ከሥራ መመሪያው ጋር የሚሄድ ሆኖ ተገኝቷል።

ስለዚህ ፋጤ ጁነይዲ በሦስት ጥሪ ስላልቀረበች መብቷን እንደተወች ተቆጥሮ ተሰረዘች። ተንተባታቢው አቤት በማለቱ፣ ጠፍጣፋ እግሩም በመሮጡ ወደቁ። ግራኙ የሚፈተንበት ማዕድ ባለመቅረቡ ጉዳቱ እንዳለ ጸና። ሊቀመንበሩና አቶ አስማረ ደገፉ፣ ወይዘሮ አሰለፈች ተቃወሙ፣ ጓድ ሞላ ተቀይመው ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። በሁለት ለአንድ አንዳርጌ ላቀው ተመረጠ። አባቱ ከተመራጩ ጋር ዝምድና እንዳላቸው እንዲመዘገብ ማንም አልጠየቀም።

አጀንዳ 4፦ ያልተያዘ አጀንዳ

ገና ጭብጨባው ሳይበርድ አቶ ዳውድ ከወይዘሮ አሚና ጋር ገቡ። ወይዘሮ አሚና የልጃቸውን ልብስ የቋጠሩበትን ሻሽ ይዘዋል። መኪናዋ ልትነሳ ነው ብለው የመመረጫውን ወረቀት ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ልጅቱ ሦስት ጊዜ ተጠርታ ባለመቅረቧ መሰረዟን፣ ጥሪውም በሕግ መፈጸሙን በትሕትና አስረዷቸው። ወይዘሮ አሚና መጀመሪያ የሚቀለድባቸው መስሏቸው የሁላችንንም ፊት በየተራ አዩ። ከዚያ በኋላ የተናገሩት እንዳለ ተይዟል።

"በሕግ አምላክ ልጠይቃችሁ። ልጄ ስትጠራ ሰምታ የምትነሳ ብትሆን የእናንተን ደጅ ምን አስጠናኝ? ስድስት ዓመት ሙሉ እኔም ጠርቻታለሁ። እናቷ ነኝ። ለእኔም አልመለሰችልኝም።"

 ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጧል። በእህቱ ልጅ እግር የተነሳ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር፤ አልዋጠችውም።

ሊቀመንበሩ ግን ልጅቱ አለመስማቷ በምን ይረጋገጣል፣ እልኸኛ ብትሆንስ አሉ። ወይዘሮ አሰለፈች ወጥተው ፋጤን ትከሻዋን ነክተው፣ እጇን ይዘው አስገቧት። መካከል ላይ አቆሟት። ማረጋገጫ ይሁን ተብሎ ገብሬ ከኋላዋ ሆኖ የስብሰባ መጥሪያ የሆነውን የመኪና ቸርኬ በብረት እንዲመታ ታዘዘ። ገብሬም ታዝዞ የሚቆጥበው ነገር የለም። ሊቀመንበሩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ፣ ጓድ ሞላ ጆሯቸውን ያዙ፣ የአቶ አስማረ ዱላ ወደቀ፣ ጸሐፊው ቀለም ደፋ። በዚህ ገጽ ላይ ያለው ሰማያዊ እድፍ የዚያን ጊዜው ነው።

ፋጤ ንቅንቅ አላለችም። የእኛን መደንገጥ ስታይ ግን ሳቀች። ሳቋ ከፍ ያለ ነበር፤ ምን ያህል ከፍ እንዳለ አታውቅም። እናቷ ሻሹን ወደ አፋቸው አስጠግተው አለቀሱ። አቶ አስማረም በአንድ ዓይናቸው አለቀሱ። ጸሐፊው ያለቀሰው በአቧራው ምክንያት ነው ተብሎ ይያዝ።

ውይይት አልተደረገም። ፋጤ ጁነይዲ እንድትሄድ በአራት ድምፅ ተወሰነ፤ ሊቀመንበሩ እጃቸውን አላነሱም፣ አልተቃወሙምም። ጸሐፊው ወረቀቱን ጽፎ ማኅተሙን መታ፤ ቸኩሎ ስለነበር ማኅተሙ ተዘቅዝቋል። ወይዘሮ አሰለፈች ወረቀቱን ነጥቀው እናትና ልጅን ይዘው ወረዱ። ሲመለሱ ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ነበር፤ ደርሰናል አሉ። መኪናዋ ሌሎች ልጆች ስለሞሉባት ለወይዘሮ አሚና ቦታ አልነበራትም።

አጀንዳ 5፦ ስለዚህ ቃለ ጉባኤ

የመኪናዋ ሞተር ውጭ ሲነሳ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ለማጽደቅ ከመጀመሪያው አነበበ። የተነበበው ለማንም አልጣመም። ጓድ ሞላ ስለ "የግል" የተናገሩት አውራጃ ደርሶ ቢነበብ ከበላይ ውሳኔ ጋር የተጣሉ እንደሚያስመስላቸው ፈሩ። አቶ አስማረ የዕድሜውን ጣሪያ ሊያሻሽሉ መሞከራቸው እንዲሰረዝላቸው ጠየቁ። ጸሐፊው ስለ ጠፍጣፋው እግር የሚለው አንቀጽ ቢወጣ ቅር እንደማይለው ገለጸ። ሊቀመንበሩ ሁሉንም አዳምጠው፣ አንዱን አውጥቶ አንዱን ከማስቀረት ስብሰባው ጨርሶ እንዳልተካሄደ ቢቆጠር ይሻላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ዛሬ ከቀረቡት ሐሳቦች ያለ ውይይት፣ በሙሉ ድምፅ፣ በደስታ ያለፈው ይህ ብቻ ነው።

ውሳኔው እንዳለፈ ሊቀመንበሩ ቀጠሉ። ስብሰባው ካልተካሄደ በስብሰባው የተወሰነው ሁሉ የለም። የፋጤ መመረጥም የለም። ስለዚህ ቦታው እንደ ክፍት ይቆጠራል፤ ፈረሰኛ ልከን መኪናዋን ከከተማ ሳትርቅ እናስቁምና ልጅቱ ትመለስ፤ አንዳርጌም ልብሱን ይዞ ደጅ ላይ ነው አሉ።

አቶ ዳውድ ብድግ አሉ። ወይዘሮ አሰለፈች በሩ ላይ ሄደው ቆሙ። ቀድመው የተናገሩት አቶ አስማረ ናቸው።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ አልተሰበሰብንም ካላችሁ መልሷት የሚለው ማነው? እኔ ዛሬ ቤቴ ነበርኩ።"

ወይዘሮ አሰለፈችም ቤታቸው እንደነበሩ አስታወቁ። አቶ ዳውድ ሱቃቸው ነበሩ። ጓድ ሞላ ሊቀመንበሩን አየት፣ በሩን አየት አድርገው፣ እርሳቸውም ኳስ ሜዳ እንደነበሩ ተናገሩ። ጸሐፊው ራሱን አሞት ተኝቷል። በስብሰባው ላይ የቀሩት ሊቀመንበሩ ብቻ ሆኑ። አንድ ሰው ምልዓተ ጉባኤ ስለማይሞላ፣ ፈረሰኛ እንዲላክ ያቀረቡት ሐሳብ ለውይይት ሳይቀርብ ቀረ። ሊቀመንበሩ ቁጭ ብለው፣ ይሁን፣ እኔም አልነበርኩም አሉ።

በዚህም መሠረት፦ ከአጀንዳ 1 እስከ አጀንዳ 5 የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ፣ የተባለውም እንዳልተባለ ይቆጠር። የግል ትምህርት ቤቱ የግል ሆኖ ይቀጥል። ፋጤ ጁነይዲን ማንም አልመረጣትም፤ ማንም ያልመረጣትን ማንም መመለስ አይችልም።

ስብሰባው ስላልተጀመረ የተዘጋበት ሰዓት የለም። ሆኖም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገብሬ በሩን ቆልፎ ሄዷል። አባላት ስላልተገኙ አልፈረሙም።

ጸሐፊው ከመውጣቱ በፊት በመስኮት አይቷል። ወይዘሮ አሚና መንገዱ መሐል ብቻቸውን ቆመው ነበር። ላንድሮቨሯ ከሄደች ቆይታለች፣ አቧራውም ጠፍቷል፤ እርሳቸው ግን ያውለበለቡበትን እጅ ገና አላወረዱም። ይህም እንዳልታየ ይያዝ ቢባል ጸሐፊው አይስማማም።